ሐጂን የሚቀድም ጠፋ

አፋር ደርሶ የተመለሰ የአሰላ ሰው ስለ ሙቀቱ ሳያወራ አይቀመጥም። እኔም አወራለሁ፤ ግን ቆይቼ። መጀመሪያ ምን ልሠራ እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ሰፈር ውስጥ «በቀለ በስተርጅና የሞተር ውድድር ገባ» ተብሎ ተወርቷል፤ የወሬው ምንጭ ደግሞ ባለቤቴ ናት።

ውድድር አልገባሁም። እኔ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጣ ሰው ማሽከርከር የማስተምር፣ ጸጉሬ በተማሪ ክላች የሸበተ ሰው ነኝ። አዳማ ያሉ ሞተረኞች ማኅበር አላቸው፤ ሰብሳቢያቸው ናሆም የድሮ ተማሪዬ ነው። ልጆቹ በዓመት አንድ ቀን መኪና የማይገባበት አስፋልት ይፈቀድላቸውና ሲዞሩበት ይውላሉ። ናሆም «ትራክ ዴይ» ይለዋል፣ እኔ የዙር ውሎ እለዋለሁ። ዋንጫ የለውም፣ አንደኛ የሚወጣም የለም። ያለ ገልባጭ፣ ያለ ባጃጅና ያለ አህያ ሰው የራሱንና የሞተሩን ልክ የሚያይበት ቀን ነው። አደጋው ያለው መቅደሙ ላይ ነው፤ አምና ሁለት ልጆች እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ሲባባሉ ተያይዘው ወድቀው፣ አንደኛው ትከሻው ወልቋል። ስለዚህ ዘንድሮ ናሆም አሰላ ድረስ መጣና «ጋሼ፣ የመቅደም ሥርዓት የሚያስከብርልን ሰው እንፈልጋለን፤ ልጆቹ እርስዎን ይፈራሉ» አለኝ። ቦታው ሰመራ ነበር።

ባለቤቴ አስቴር ስትሰማ ከልቧ ሳቀች። «አንተ ዳቦ ሰልፍ ላይ እንኳ ማንንም ቀድመህ አታውቅም፤ ስለ መቅደም ምን ብለህ ልታስተምር ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ አህያም ብትሆን ከፊቴ ካለች ተከትዬ መሄድ ነው የሚቀናኝ።

ሐሙስ፣ ከአሰላ አዋሽ

ከአሰላ በሞተሬ ስወጣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከላይ ወፍራም ጃኬት፣ ከሥሩ ሹራብ፣ ከዚያም ሥር አስቴር በግድ ያስለበሰችኝ ሌላ ሹራብ ነበረ። አዳማ ከልጆቹ ጋር ስገናኝ አንደኛውን አወለቅኩ፣ ወለንጪቲ ላይ ሁለተኛውን። መተሐራ ስንደርስ ቆዳዬንም ማውለቅ አማረኝ። ጃኬቱን ግን አላወልቅም፤ የደኅንነት ኃላፊው ጃኬቱን ካወለቀ ልጆቹ በካናቴራ ሊነዱ ነው። በገዛ ላቤ ተቀቀልኩ።

ከመተሐራ እንደወጣን ልጆቹ እየቀደሙኝ ሄዱና እኔ ከአንድ ተሳቢ ኋላ ቀረሁ። ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ የቀኝ ፍሬቻ አበራ። በሕጉ ይህ ማለት ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ወይም ሊቆም ነው፤ እኔም እንደ ሕጉ ፍጥነቴን ቀንሼ ጠበቅኩት። አልታጠፈም። አጠፋው። እንደገና አበራ፤ እንደገና ቀነስኩ። እንዲህ ስንባባል አዋሽ ገባን።

ምሳ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ሽርጡን እያስተካከለ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። «የዚያች ቀይ ሞተር ባለቤት እርስዎ ነዎት ጋሼ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ምን በድዬዎት ነው? ይቅደሙ ብዬ ፍሬቻ ሳበራ፣ ሳበራ፣ እንደ ጥላ ሲከተሉኝ ዋሉ።»

ልማዱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። በዚህ መንገድ ከፊት ያለው መኪና ቀኝ ፍሬቻ ካበራ ከፊቴ ነጻ ነው፣ ቅደመኝ ማለት ነው፤ ግራ ካበራ የሚመጣ አለ፣ ተው ማለት ነው። ግን እኔ ስንቱን ተማሪ ፍሬቻ ያለ ቦታው ሰጠህ ብዬ የጣልኩ ሰው ነኝ፤ አልቀበለውም። ይህንኑ ነገርኩት። ሾፌሩ ታግሦ ሰማኝና፣ እሱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ መንገዱን እንደሚያይ፣ እኔ ግን ከኋላው ሆኜ የማየው የሱን ጭቃ መከላከያ ብቻ እንደሆነ፣ ያየ ላላየው ቢነግር ነውሩ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መልሴን ሳይጠብቅ መልካም መንገድ ተመኝቶልን ወጣ። በኋላ ስንጠይቅ የሁላችንንም ለስላሳ ከፍሎ ሄዷል። ናሆም እያየኝ ይስቃል። ጥሩ ሰው ነው፣ ሕግ ግን ሕግ ነው አልኩት።

አዋሽ ያደርንበት ሆቴል አልጋ ከማየቴ በፊት ከልማድ የተነሣ «ብርድ ልብስ አላችሁ?» አልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ጓደኞቿን ጠርታ አሳየቻቸው። እንዲህ የሚል ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ልጅቷ ግን አባባ ታመው ይሆናል ብላ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ከጎረቤት ለምና ባለ አበባ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። እምቢ ብል ደግነቷን መናቅ ነው። አሰላ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤም ይበርደኛል፤ እዚያ አንዱን ለይሉኝታ ደርቤ እንደ ሙልሙል ዳቦ በሰልኩ።

ዓርብ፣ ከአዋሽ ሎጊያ

ማለዳ ተነሥተን ገዋኔ ስንደርስ የአንዱ ልጅ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው እስኪጠግነው ጥላ ሥር ተቀመጥን። አጠገባችን ግመሎች አስፋልቱን ያቋርጣሉ፤ ተሳቢዎቹ ተደርድረው ቆመዋል። አሰላ ላም መንገድ ከዘጋች ባለቤቷ እየሮጠ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ላሚቱን እየረገመ ይመጣል። እዚህ የግመሎቹ ባለቤት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ በዝግታ ያልፋል፤ ይቅርታ የሚጠይቁ የሚመስሉት ሾፌሮቹ ናቸው። ሲያልፍ አየንና መንገደኞች መሆናችንን ጠየቀ፤ ከዚያ በላስቲክ የያዘውን የግመል ወተት ዘረጋልን። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ እኔ ጾመኛ ነኝ። ናሆም «መንገደኛ ጾም የለበትም» ብሎ የኔንም ድርሻ ጨለጠው። ከዚያ በኋላ እስከ ሚሌ ድረስ በየቁጥቋጦው ሲቆም ነው የዋለው፤ የጾምን ጥቅም አስረዳሁት።

ከሚሌ ወጥተን ሎጊያ ልንገባ ስንል ተሳቢዎች ተደርድረው ሲያዘግሙ አገኘን። አደጋ የደረሰ መስሎን ቀስ ብለን ወደ ፊት ተጠጋን። ከሁሉም ፊት አንዲት አሮጌ ሞተር በአስፋልቱ መሀል ትሄዳለች። በላይዋ ነጭ ጀለብያ የለበሱ፣ ነጭ ኮፍያ የደፉ ሽማግሌ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ናሆም ሊቀድማቸው ወጣ ሲል ከኋላ ያሉት ተሳቢዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጥሩምባ ነፉበት፤ አንደኛው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ጣቱን ነቀነቀበት። ልጁ ደንግጦ ተመለሰ። እኛም ሰልፉ ውስጥ ገብተን በእግረኛ ፍጥነት ሎጊያ ገባን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ የባሰ ሰው አየሁ።

ሽማግሌው የቆሙት ለካ እኛ ልናድርበት ቀድመን የደወልንበት ሆቴል በር ላይ ነው። ባለቤቱ እሳቸው ናቸው፤ ሐጂ ይማም። የወሎ ሰው ናቸው፣ በደህናው ጊዜ የአሰብ መንገድ ሾፌር የነበሩ፣ አሁን ከጁምዓ ሶላት መመለሳቸው ነበር። ሁላችንንም እየዳበሱ ሰላም አሉን። ምሳ ሲቀርብ በትልቅ ትሪ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። «ዛሬ ዓርብ አይደል? የጾም ነው ያሠራሁላችሁ። ነገ የምትፈልጉትን ራሳችሁ አርዳችሁ ትበላላችሁ፤ ድስቱም ለብቻው ነው። ቢስሚላህ በሉ፣ የናንተንም በሉ» አሉ። አሰላ የገዛ አጎቴ ቤት ዓርብ ጥብስ ቀርቦልኝ ያውቃል።

ስለ መንገድ ሲያጫውቱን ቆዩና ነገ ሰመራ ምን እንደምንሠራ ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ናሆም እኔን አየኝ፣ እኔም ናሆምን አየሁት። ያበላን ሰው፣ ያውም ሐጂ፤ ማን እምቢ ይበላቸው?

ሐጂ ለከሰዓቱ፣ ለዐስር ሶላት ሲነሡ ልጃቸው ዘሐራ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሆቴሉን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ነገር የማታንዛዛ ሴት። የአባቷ ዓይን ላይ ሞራ እንደወጣ ነገረችኝ። ሐኪሙ ሞራ ነው ብሏቸዋል፣ እሳቸው ግን አቧራ ነው ይላሉ። ባለፈው ሰሞን ለቆመ ግመል አሰላሙ ዓለይኩም ብለው፣ መልስ ሲያጡ የማን ባለጌ ነው ብለው ተቆጥተው ገብተዋል። ይህን ስትነግረኝ እኔም እሷም ሳቅን። ከዚያ መሳቋን አቆመች።

«ተዉ ብለን ብንለምናቸው ማሉብን» አለች። «ሞተር የሚነዳ ሰው በቀጥታ መንገድ፣ በአግባቡ የቀደመኝ ቀን ቁልፌን ላንቺ አስረክባለሁ፤ እስከዚያ ግን ማንም እንዳይናገረኝ፣ ወላሂ ብለው።»

«ታዲያ እስካሁን የቀደማቸው የለም?»

«ሎጊያ ውስጥ ማን ይቀድማል ጋሽ በቀለ? ግማሹን አብልተዋል፣ ግማሹን አስታርቀዋል፣ የተረፈው ዘመድ ነው። ሁሉም ከኋላ ከኋላ ይላል። በሚሌ በኩል ያለው የውጭ ሾፌር ግን አያውቃቸውም። ሰው ካልቀደማቸው ተሳቢ ቀድሞ ይወስድብኛል። አባቴን በጀናዛ አልጋ ከአስፋልት ላይ ማንሣት አልፈልግም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ በዕድሜም ልጅ አይደሉ። ነገ መኪና በሌለበት እርስዎ ይቅደሙልኝ።»

እኔ በቀለ፣ አህያ የማልቀድመው። ሽሮው ገና ሆዴ ውስጥ እያለ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት፤ ቃሉን ከሷው ነበር የተማርኩት። ምን እንደምሠራ ግን ፈጽሞ አላወቅሁም።

ቅዳሜ፣ ሰመራ

ሰመራ ሰፊ መንገድ የሞላባት ከተማ ናት፤ አሰላ ሁለት ጋሪ ሲገናኝ የሚጨናነቅባትን ጎዳና ለለመደ ሰው ያስቀናል። ልጆቹ የተፈቀደላቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ለወደፊት ፋብሪካ ተብሎ የተነጠፈ፣ ዙሪያውን ገጥሞ የሚመለስ አስፋልት ነው። ፋብሪካው ገና አልመጣም። አሰላ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሊሞቅ ይወጣል፣ እዚህ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ይገባል፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ጀመርን።

ሁሉንም ሰብስቤ ሥርዓቱን ነገርኳቸው። ከፊት ያለ ሰው መስመሩን ይዞ ይሂድ፤ ወደ ኋላ አይይ፣ ልሽሽለት ብሎም አይንቀሳቀስ፤ ደግነቱ ነው የሚያጋጨው። ኃላፊነቱ የሚቀድመው ሰው ነው። ኩርባ ላይ መቅደም የለም፣ በውስጥ በኩል መሾለክ አይታሰብም። በቀጥታው ላይ፣ አንድ ግመል ከነጭነቱ የሚያሳልፍ ክፍተት ትታችሁ ቅደሙ። ፍሬቻና ስፖኪዮ በፕላስተር ይሸፈን፤ እዚህ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ ንግግር የለም። ሐጂ ናሆም ባዋሳቸው ሄልሜት ውስጥ ሆነው ሰሙና «ፍሬቻ ሸፍኖ መንዳት ምን ዓይነት ቅያሜ ነው?» አሉ። ልጆቹ ግን ሸፈኑላቸው።

ለክፉም ለደጉም ብዬ ከሐጂ ጋር ረጋ ያሉትን ልጆች ብቻ አስገባሁ። እኔ ባንዲራ ይዤ ቆምኩ። በልቤ ከነዚህ አንዱ ቢቀድማቸው እኔ እድናለሁ እያልኩ ነበር። አምና ለመቅደም የተጋደሉት ልጆች ናቸው እኮ!

የመጀመሪያው ዙር ሲመለስ ሐጂ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ በሰልፍ፣ የሰርግ አጀብ ነው የሚመስለው። በሁለተኛው ዙር አንዱ ወጣ ብሎ ጎናቸው ደረሰ፤ ጎሽ አልኩ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ወደ ኋላ ተመለሰ። ቀጥሎ ናሆም ራሱ ገባ። ደረሰ፣ ተጠጋ፣ ደረቱ ላይ እጁን አደረገ፣ ተመለሰ። ምነው ስለው «ጋሼ፣ ትላንት በእጃቸው አጉርሰውኛል» አለኝ። አባቷን ተከትላ የመጣችው ዘሐራ ከመንገዱ ዳር ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አሸዋ ላይ ቆማለች፤ እኔን ብቻ ነው የምታየው።

ባንዲራውን ለናሆም ሰጥቼ ሄልሜቴን አጠለቅኩ።

ተከተልኳቸው። ቀጥታው ላይ ወጣሁ፣ የግመሉን ክፍተት ተውኩ፣ ጎን ለጎን ሆንን። ሐጂ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «በቀለ ነህ? ፍራሹ ተመቸህ?» ብለው ጮኹ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ተመችቶኛል ብዬ ጮኽኩ። «ትራስስ?» አሉ። ትራሱን ሳመሰግን ቀጥታው አለቀና ኩርባው ደረሰ፤ ኩርባ ላይ መቅደም የከለከልኩት እኔው ነኝ። ወደ ኋላ ቀረሁ።

ኩርባው ላይ ምልክት እንዲሆኑ ቀይ በርሜሎች አቁመናል። ሐጂ ወደ በርሜሎቹ ቀጥ ብለው ሄዱ። አልታጠፉም። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ፤ ከዚያ እንደማያዩአቸው ገባኝ። ጥሩምባዬን ተጭኜ አልለቀቅኩም። በመጨረሻዋ ሰዓት መሪውን መለሱት፤ የጀለብያቸው ጫፍ በርሜሉን ጠርጎ አለፈ። ሞተሯ ተወላገደች፣ ተነሣች፣ ቀጥ አለች።  በርሜሉ ተሳቢ ቢሆን ኖሮስ አልኩ በልቤ።

ወደ ቀጥታው ስንወጣ ሐጂ መስመራቸውን ያዙ። በዚያን ጊዜ ከሞተሯ ኋላ አንድ ነገር አየሁ። የፕላስተሩ ሙጫ በሙቀቱ ቀልጦ፣ ፕላስተሩ በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ ይውለበለባል። ከሥሩ የቀኝ ፍሬቻ ይበራል፣ ይጠፋል። ይበራል፣ ይጠፋል።

በዕድሜዬ በፍሬቻ የቀደምኩት ሰው አልነበረም። ወጣሁ፣ ክፍተቱን ተውኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ቀደምኳቸው። ልጆቹ ማጨብጨብ እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው ግራ ገባቸው።

ከሞተሬ ወርጄ ስጠብቅ ሐጂ ቀስ ብለው መጥተው ቆሙ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«አንተ ሰው፣ ፍሬቻ ሳበራላችሁ ስንት ዙር ዞርኩ?» አሉኝ። «ፕላስተሩ ካልወደቀ አታየኝም ነበር ማለት ነው። ራሴ አቆምኩ ብል ዘሐራ አሸነፈችኝ ማለት ነው፤ እሱ አይሆንም። ስለዚህ የሚቀድመኝ ሰው ስጠብቅ ከረምኩ። ሁሉም ከኋላዬ። አጀብ! ይኼ ሁሉ ሰው አክብሮ ሊገድለኝ ነበር።»

ቁልፉን ነቅለው እጃቸውን ወደ ዘሐራ ዘረጉ፤ ዘሐራ ግን በሌላ በኩል ነበረች የቆመችው። ሮጣ ዞራ መጥታ ተቀበለቻቸው። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሐጂ «ሰኞ ደሴ ወስደሽኝ ያንን አቧራ አስጠርጊልኝ» አሏት። ከዚያ በኋላ ልጆቹ እስኪሞቅ ድረስ እንዳሻቸው ተቀዳደሙ፤ የወደቀ ሰው የለም።

እሑድ፣ መልስ

ዘሐራ ለመንገድ ያሰረችልን ዳቦ ሞተሬን ወደ ኋላ ሊገለብጣት ነበር። ስንሰናበት ሐጂም እሷም በር ላይ አልነበሩም፤ ትንሽ ቅር አለኝ። ከሎጊያ ልንወጣ ስንል ግን ተሳቢዎች ተደርድረው ሲያዘግሙ አገኘን። ከፊት ያቺው አሮጌ ሞተር ናት፤ አሁን መሪውን የያዘችው ዘሐራ ናት። በልጅነቷ ራሳቸው አስተምረዋት፣ ስታገባ ከልክለዋት ነበር አሉ። ሐጂ ከኋላ ተቀምጠው ትከሻዋን ይዘው ትእዛዝ ይሰጧታል፤ ክላች፣ ማርሽ፣ ቀስ።

ሰልፉን ተጠግተን ከኋላቸው ስንደርስ ሐጂ የሞተር ድምፅ ሰሙ። ዞር አላሉም። የዘሐራን ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷ ወደ ፊት አሻግራ አይታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ያን ጊዜ ቀኝ እጃቸውን እስከ ጫፉ ዘርግተው ጣታቸውን እንደ ፍሬቻ ከፈት፣ ጨበጥ፣ ከፈት፣ ጨበጥ አደረጉ። አንድ በአንድ፣ ሰላም እያልን ቀደምናቸው።

አሰላ ስገባ አስቴር ሌላ ሹራብ ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ያን ያህል አገር አቋርጠህ ምን አይተህ መጣህ አለችኝ። እሳተ ገሞራውን፣ የጨው ሐይቁን የጠየቀችኝ መሰለኝ።

«አንድ ሽማግሌ ቀድሜ መጣሁ» አልኳት።

«አታፍርም?» አለችኝ።

«ፍሬቻ ሰጥተውኝ ነው» አልኳት፤ ተቀምጬም ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።